ደረጃ የሌለው ጣቢያ

የካቲት 14

ወንድሜ፣

ሹፌሩ መልእክትህን አድርሶልኛል። «ስልክ የማታነሳው ምን ሆና ነው?» ብለሃል አሉ። ስልኬ ጣቢያ ነው ያለው። እኔ ቤቴ ነኝ፣ ስልኬ ግን ታስሯል። ባለቤቴም ታስሯል። ሰላምታውን ዘልዬዋለሁ፤ ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍ የገዛ እጄ ይስቅብኛል።

አንተ ነገር ከመሃል ሲጀመር አትወድምና ከሥሩ ልንገርህ።

ባለፈው ሐሙስ ነው። የጠዋቱ የአንድ ሰዓት አውቶቡስ ሞልቶ፣ ዕቃው ተጭኖ፣ ሹፌሩ መሪው ላይ ተቀምጧል። ባለቤቴ ሰሌዳውን በብብቱ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። መቼም ታውቀዋለህ፤ አሥራ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ሲያሰማራ የከተማው ሰው ስሙን ረስቶ ባለፊሽካው ነው የሚለው። የሠርጋችን ቀን እንኳ ሰዓቱን እያየ ነበር የመጣው፣ ያረፈድኩት እኔ ነኝ። አንድ ፖሊስ እየሮጠ መጣና «የአዛዡ ባለቤት ይሄዳሉ፣ ጠብቁ» አለ።

«የት ናቸው?» አለው ባለቤቴ።

«ፀጉር ቤት።»

«ብዙ ይቆያሉ?»

«እኔ ምን አውቄ? ገና እየታጠቡ ነው።»

ሠርግ ተጠርታ ነው አሉ። አውቶቡሱ ውስጥ ደግሞ በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ ሕፃን ያቀፈች ሴት ነበረች። ካርዷን ያወጣሁላት እኔው ነኝ፤ ጤና ጣቢያችን አቅቶት ነው ወደ ሆስፒታል የላካት። ባለቤቴ አሥር ደቂቃ ጠበቀ። አሥር ደቂቃ ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ አንተም አታጣውም። ከዚያ ፊሽካውን ነፋ፣ አውቶቡሱ ወጣ። በቃ። አልተሳደበ፣ እጁን አላነሳ። ፊሽካ ነፋ።

አምስት ሰዓት ላይ አዛዡ ራሱ በመኪና መጣ። ያን ያህል ሰው እያየ «የመንግሥት ሥራ አደናቅፈሃል» አለው። የሚስቱ ፀጉር ከመቼ ወዲህ የመንግሥት ሥራ እንደሆነ የጠየቀ የለም። ፊሽካውን ከአንገቱ በጥሶ እሱን መኪናው ላይ ጫነው። እኔ ስሰማ የካርድ ክፍሉን መስኮት እንኳ ሳልዘጋ ነው የሮጥኩት። ጣቢያው በር ላይ «ስልክሽ ለምርመራ ይፈለጋል» ብለው ተቀበሉኝ። አሁን ሳስበው የሚያንገበግበኝ፣ ራሴው ከቦርሳዬ አውጥቼ መስጠቴ ነው።

ዛሬ ሰኞ አምስተኛ ቀኑ ነው። ምሳ ዕቃውን ይቀበሉኛል፣ እሱን ግን አያሳዩኝም።

አንተ ፖሊስ ነህ። ንገረኝ፦ አንድ የትንሽ ከተማ አዛዥ ሥልጣኑ እስከ የት ነው? ማቆሚያ አለው ወይስ የለውም?

መልሱን በዚሁ ሹፌር እጅ ላክ። ፖስታ ቤቱ ከጣቢያው ጋር አንድ ግድግዳ ነው የሚጋራው።

እህትህ


የካቲት 17

ለውድ እታለም፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን ተረኛ ሆኜ አነበብኩት፤ ባለጉዳይ እየተቀበልኩ ሦስት ጊዜ ደገምኩት።

ለጠየቅሽኝ መልሱ፣ አዎ፣ ማቆሚያ አለው። የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። አዛዥ ቢሆን፣ የአዛዥ አዛዥ ቢሆን ይህን ማሳለፍ አይችልም። እኔ እዚህ የመዝገብ ጠረጴዛ ላይ ነው የምቀመጠው። ማንም ሰው ሲገባ ስሙን፣ የገባበትን ሰዓት፣ ማን እንዳመጣውና በምን ምክንያት እንደመጣ እጽፋለሁ። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ከዚያች መስመር ነው። ስለዚህ ነገ ወደ ጣቢያው ሂጂና የመዝገብ ቁጥሩን ጠይቂ። አትጩሂ፣ እባክሽ። ስትቆጪ እንዴት እንደምትሆኚ ስለማውቅ ነው። ቁጥሩን በወረቀት ጽፈሽ ያዢና «መቼ ነው ፍርድ ቤት የሚቀርበው?» በያቸው። ሌላ ምንም አትጨምሪ።

«ለምን አትመጣም?» ማለትሽ አይቀርም። ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ ሰው የለም ተባልኩ። በዚህ ይቅር በይኝ።

አንድ ነገር ደግሞ እለምንሻለሁ። ፖሊስ መሆኔን እዚያ አታንሺ። አዛዦች ይተዋወቃሉ፣ ወሬ ቶሎ ይዞራል። ቢያውቁ ለእሱም አይበጀውም።

ሌላም የምነግርሽ ነበረኝ፣ ለጊዜው ይቆይ። እየበላ ነው? ምሳ ዕቃው ሲመለስ ተበልቶለት እንደሆነ እዪው።

ወንድምሽ


የካቲት 20

አባ ዝምታ፣

በልጅነትህ ያወጣንልህ ስም ልክህ ነበር።

ያልከኝን አደረግሁ፣ አልጮህኩም። ፀጉሬን አስሬ፣ የሥራ ጋወኔን ለብሼ፣ እንደ ጨዋ ሴት ገባሁ። ተረኛው ሳጅን መዝገቡ ላይ ክርኑን አስደግፎ ጋዜጣ ያነባል።

«የባለቤቴን የመዝገብ ቁጥር ፈልጌ ነበር» አልኩት።

«የምን ቁጥር?»

«ሰው ሲገባ የሚጻፍ ቁጥር አለ አይደል?»

«ማን ገባ?»

«ባለቤቴ።»

መዝገቡን ገለበጠ። ሳያፍር ገለበጠልኝ! የካቲት 10፣ የካቲት 11፣ የካቲት 12። አንድ ሰካራም፣ ሁለት በድንበር የተጣሉ ጎረቤታሞች፣ አንድ የጠፋ በሬ። በሬው እንኳ ተመዝግቧል። «እንግዲህ የለም» አለኝ። እሱ ይህን ሲለኝ የባለቤቴ ሳል ከበስተጀርባ ይሰማኛል። አሥራ አምስት ዓመት አብሬው የተኛሁ ሴት ሳሉን አልስትም።

አንተ የምትለው አርባ ስምንት ሰዓት ከየት ይቆጠር? ከምንም ይቆጠር? ሕጋችሁ በአንዲት መስመር ላይ ቆሞ፣ መስመሯን የሚጽፈው ደግሞ እናንተው ናችሁ። እንዲህ ያለ ቀልድ የሚያስቀው እናንተን ብቻ ነው።

ከዚያ አዛዡ ቢሮው አስጠራኝ። ወንበር አልሰጠኝም። «ነገሩ ቀላል ነው» አለኝ፣ ጥፍሩን በወረቀት ማያያዣ እያጸዳ። «መናኸሪያው መሃል ይቆማል፣ ሰው እየሰማ ባለቤቴን ይቅርታ ይጠይቃል። በዚያው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህን ነግሬዋለሁ። ያንቺ ባል ግን ግትር ነው።»

«ወንጀሉ ምንድን ነው?»

«ንቀት።»

«ንቀት ስንት ዓመት ያስፈርዳል?» አልኩት። አንቱ ማለቴን ያን ጊዜ ተውኩት። «አንተ እንደምትለው ከሆነ ከተማው በሙሉ እዚህ መግባት አለበት፣ የማይንቅህ የለም።»

የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፣ ሳቀ። «ሥራሽ ጤና ጣቢያ ነው አይደል? ጥሩ ሥራ ነው» አለኝ። ያን ቀን ከሰዓት ኃላፊያችን ጠርቶኝ ሥራ ጥዬ ስለሮጥኩበት ሐሙስ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። ዓይኔን አላየኝም።

ምሳ ዕቃው? ይመለሳል። ባዶውን ይመለሳል። እሱ በልቶት ይሁን እነሱ፣ ምኑን አውቄ?

ፖሊስ መሆንህን እንድደብቅ ለምነኸኛል። እሺ፣ ደብቄያለሁ። እኔም አንድ ነገር ልጠይቅህና ሳትዞር መልስልኝ። አንተስ ሰው ሳትመዘግብ አስቀምጠህ ታውቃለህ?

እህትህ


የካቲት 24

ለውድ እታለም፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በሥራሽ ላይ የደረሰው አናዶኛል። አይዞሽ።

መዝገቡ ላይ ከሌለ ጣቢያውን መለመን ዋጋ የለውም። ጣቢያው «የለም» ካለ መውጫው አንድ ነው፤ ከእነሱ በላይ ላለ ዳኛ አቤቱታ ማቅረብ። አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ይባላል። ዳኛው «ሰውዬውን ይዛችሁ ቅረቡ» ብሎ ያዝዛል። ፍርድ ቤቱ ያለው የሁለት ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ ነው፣ አውቶቡስ ደግሞ አታጪም። ነገር ግን ባዶ እጅሽን አትሂጂ። «እዚያ ውስጥ ነው» የሚል ወረቀት ያስፈልግሻል። የሳል ድምፅ ለዳኛ አይበቃም። ያየ ሰው፣ የፈረመ ሰው ፈልጊ።

እዚህ ሥራ በዝቷል። ዝናቡ ጣሪያውን አበላሽቶ መዝገቦቹን ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ ሳዞር ነው የሰነበትኩት።

ራስሽን ጠብቂ።

ወንድምሽ


የካቲት 28

ወንድሜ፣

ጣሪያችሁ ማፍሰሱን ሰማሁ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ጥያቄዬን ዘልለኸዋል። ስለ ዝናብ ጻፍክልኝ።

አሁን የምነግርህን ተቀምጠህ አንብበው።

ዛሬ ጠዋት መስኮቴ ላይ ሆኜ ካርድ አወጣለሁ። ሰልፉ ረጅም ነው። «ቀጣይ» ብዬ ቀና ስል ባለቤቴ ነው። ከጎኑ ፖሊስ አለ። ሸሚዙ ያው ያን ሐሙስ የለበሰው ነው። ፊቱ አልቆ ዓይን ብቻ ሆኗል። ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ እንደ ሰው ዕቃ ይዞታል፤ አብጦ ጣቶቹ አይለያዩም።

ፖሊሱ ባሌ መሆኑን አላወቀም፣ አዲስ ነው መሰለኝ። «ጻፊ» አለኝ። «ከደረጃ ወድቆ ነው።»

ወንድሜ፣ ያን ጣቢያ ታውቀዋለህ። ምድር ላይ የተነጠፈ ቤት ነው፣ ደፍ እንኳ የለውም። ደረጃ የለውም! ቢያንስ ለውሸታችሁ ትንሽ አትለፉም? «በር መታው» አይባልም ነበር?

ባለቤቴ አየኝ። ራሱን ትንሽ ነቀነቀ፣ ዝም በይ ለማለት። ስሙን ጠየቅኩት። የገዛ ባሌን፣ በመስኮት፣ «ስም?» አልኩት። ነገረኝ። «ዕድሜ?» ነገረኝ። እስክሪብቶው ወረቀቱን እየቀደደብኝ ጻፍኩ። «ማን አመጣው?» በሚለው ቦታ ላይ ፖሊሱን «እዚህ ፈርምልኝ፣ ደንብ ነው» አልኩት። ደንብ አይደለም። ፈረመ። ቀኑንም ሰዓቱንም በራሱ እጅ ጻፈ። ያንተ «የፈረመ ሰው ፈልጊ» ያን ጊዜ ነው ጭንቅላቴ ውስጥ የጮኸው፣ ለዚያስ አመሰግንሃለሁ።

ጤና መኮንናችን ዝምተኛ ሰው ነው፤ ስድስት ዓመት አብረን ስንሠራ ከ«እንደምን አደርሽ» ያለፈ አልሰማሁትም። እጁን አየ። ፖሊሱ «ወድቆ ነው» ሲለው «እኔ የማየውን ነው የምጽፈው፣ የሚነገረኝን አይደለም» አለው። የጻፈውን አንብቤዋለሁ፦ ሁለት ጣቶችና የእጅ ጀርባ አጥንት ተሰብሯል፣ በደረቅ ነገር በተደጋጋሚ ከመመታት። በደንብ በሚነበብ ጽሕፈት! ሐኪም እንዲህ አጥርቶ ሲጽፍ አይቼ አላውቅም።

አሥር ደቂቃ እንኳ አብረን አልቆየንም። እጁ በጀሶ ሲታሰር አጠገቡ ቆሜ «ይቅርታ ጠይቅና ውጣ፣ ለእኔ ስትል» አልኩት በሹክሹክታ። እኔ! ያን ሁሉ ስፎክር የከረምኩት እኔ እንደዚያ አልኩት። «ሕፃኑ ተረፈ?» ብሎ ጠየቀኝ። ተርፏል አልኩት። «ታዲያ ምን ብዬ ነው ይቅርታ የምጠይቀው?» አለኝ።

መልሰው ወሰዱት።

ሁለተኛ ጊዜ እጠይቅሃለሁ፣ ሦስተኛ አልጠይቅም። አንተስ?

እህትህ


መጋቢት 3

እታለም፣

አዎ።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። አንድ የመንገድ ጠራጊ ነበር። የያኔው አለቃዬ መኪና ላይ አቧራ አስነሳ። በመጥረጊያ፣ ሥራውን እየሠራ። አለቃው አስገባውና «አሁን አትመዝግበው» አለኝ። እስክሪብቶዬ እጄ ላይ ነበር፣ ክዳኑን መልሼ ገጠምኩት። ያን ቀን ያደረግሁት ይህን ብቻ ነው፣ ክዳን ገጠምኩ። ማንንም አልመታሁም፣ ማንንም አልሰደብኩም። ምግብ ሲመጣለት አቀብለው ነበር፤ እንደ ደግነት ይቆጠርልኝ መስሎኝ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን አለቃዬ «ዛሬ እንደገባ አድርገህ ጻፈው» አለኝ። ጻፍኩ። ሰዓቱን ሳይቀር ፈጥሬ፣ በዚህ አንቺ በምታደንቂው ጽሕፈቴ። በማግስቱ ዳኛ ፊት ቀረበና ተለቀቀ። በመዝገብ አንድ ቀን ነው የታሰረው።

በዚያ ዘጠኝ ቀን ውስጥ እናቱ ሞቱ። ተቀበሩም። መሞታቸውን ቤተሰቦቹ መጥተው ነግረውኝ ነበር። ለአለቃዬ ነገርኩት፣ «እንዲህ ያለ ሰው የለንም በላቸው» አለኝ። አልኳቸው።

ሰውዬው ዛሬም ጠዋት ጠዋት የጣቢያችንን ፊት ይጠርጋል። «እንደምን አደርክ ሳጅን» ይለኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ይለኛል።

ፖሊስ መሆኔን ደብቂ ያልኩሽ ለእሱ ብዬ አልነበረም። ለራሴ ነው።

ፈቃድ ከለከሉኝ ያልኩሽም ውሸት ነው። አልጠየቅኩም።

ከዚህ ጋር አቤቱታውን ልኬያለሁ። በእጄ ጽፌዋለሁ፣ ከታች ስሜን፣ ማዕረጌንና የምሠራበትን ጣቢያ አስፍሬ ፈርሜያለሁ፤ «የተያዘ ሰው ሳይመዘገብ ሊቆይ እንደማይችል የማውቅ የፖሊስ አባል ነኝ» ብዬ። ዳኛው ካስፈለግሁት ይጥራኝ። የሐኪሙን ወረቀትና ፖሊሱ የፈረመበትን ካርድ ግልባጭ አያይዘሽ ነገውኑ ሂጂ። ለኃላፊሽ አትንገሪው።

ይቅርታ እንድታደርጊልኝ ልጠይቅሽ ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩት።

ወንድምሽ


መጋቢት 12

ወንድሜ፣

ወጥቷል። ይህን አስቀድሜ ልበልህ፣ ሌላውን እየተነፈስክ ታነበዋለህ።

ዳኛዋ ጉንፋን የያዛት፣ መሀረቧን ከእጇ የማትለይ ሴት ናት። ሰኞ አቤቱታውን ተቀብላ አንብባ «ዓርብ ይዘውት ይቅረቡ» ብላ ለጣቢያው ጻፈች። ዓርብ አዛዡ ብቻውን መጣ፤ በሙሉ የደንብ ልብስ፣ ጫማው መስታወት። «የተከበሩ ዳኛ፣ እንዲህ ያለ ሰው በጣቢያችን የለም» አለ። መዝገቡንም አምጥቶ አሳየ። እኔ ከኋላ ተቀምጫለሁ።

ዳኛዋ ካርዱን አነሳች። «ይህ ፊርማ የማን ነው?»

ፊርማውን አየው። የራሱ ፖሊስ ነው። መካድ አልቻለም። «ለ… ለጥያቄ ፈልገነው በዚያን ቀን መጥቶ ነበር» አለ።

«በራሱ እግር?»

«አዎ።»

«እጁስ?»

«ከደረጃ ወድቆ ነው።»

«ጣቢያችሁ ስንት ፎቅ ነው?» አለች፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።

አዛዡ መዝገቡን ብብቱ ሥር አስገባ። አንድም ሰው አልሳቀም። እሷም ለማሳቅ አልነበረም የጠየቀችው፣ መልሱን ለመጻፍ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቀው ነበር። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰውዬውን አምጣ። ካላመጣኸው አንተ ወደ ቤትህ አትመለስም» አለችው። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አመጡት።

ሃያ ዘጠኝ ቀን።

ወደ ከተማችን በአውቶቡስ ተመለስን። ሹፌሩ መናኸሪያው ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ ተነስቶ ጨበጠው፣ በግራ እጁ። ቤት ስንገባ ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። እነዚያ እኔን ላለማየት መንገድ ሲሻገሩ የከረሙት ሁሉ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» እያሉ መቀመጫ አሟሉብኝ። «የት ነበራችሁ?» አልኳቸው። ባለቤቴ እግሬን በእግሩ ነካ አደረገኝ። ይነካኝ። ጠየቅኳቸው። አንዷ «ምን እናድርግ፣ ፈርተን ነው» አለች። እውነቷን ስለተናገረች እሷን ብቻ ቁጭ በይ አልኳት።

ስለ ጠራጊው የጻፍክልኝን ለባለቤቴ አላነበብኩለትም። አንተ ካልነገርከው እኔ አልነግረውም። እኔን ይቅርታ ለመጠየቅ ጀምረህ ሰረዝክ፤ ደግ አደረግህ። ይቅርታ ማድረጉ የእኔ አይደለም። ሰውዬው በርህ ላይ ነው ያለው፣ ለእሱ ደብዳቤ አያስፈልግም።

አቤቱታው ላይ ስምህን ሳነብ ግን አለቀስኩ። ይህንንም እወቀው።

እህትህ


ሚያዝያ 20

ወንድሜ፣

ስለ እሱ ጠይቀኸኛል። ሥራ ገብቷል። ጀሶው ወልቋል፣ ሁለቱ ጣቶች አይታጠፉም። አዲስ ፊሽካ ሰጥተውታል፣ ኪሱ ውስጥ ነው። አይነፋውም። አውቶቡሱን ሲያስወጣ የጎኑን ቆርቆሮ በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል። ሰዓቱ ግን ያው ነው፣ ደቂቃ አይዛነፍም።

በአዛዡ ላይ የመሠረትነው ክስ የት ደረሰ ላልከው፣ ተቀመጥና ስማ። የከተማው ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው ቤታችን መጡ። ከንቲባው፣ የባለሱቆቹ ሊቀመንበር፣ የኔ ኃላፊ። «ነገር አይብዛ፣ ሰውዬው ተጸጽቷል» አሉ። ተጸጽቶ ከሆነ እግር የለውም? ለምን እሱ አልመጣም? ወረቀት አዘጋጅተው ነበር፤ «ቅሬታ የለኝም» የሚል። ባለቤቴ አነበበው። ከዚያ እስክሪብቶውን በግራ እጁ አንስቶ ፈረመ።

ያን ቀን አንድ ቤት ውስጥ ሆነን አልተነጋገርንም። በማግስቱ «እኔን የጠየቁኝ እንድረሳ ነው፤ እኔ ደግሞ የምፈልገው እንቅልፍ ነው። ይቅርታ አልጠየቅኩም፣ ያን ከእኔ አላገኙም» አለኝ። የተመታው እሱ ነው፣ መድከምም መብቱ ነው። እኔ ግን አልደከምኩም። የተወሰደው ስልክ የኔ ነው፣ ወረቀታቸው ላይ የኔ ስም የለም። የራሴን አቤቱታ ለበላይ መሥሪያ ቤት ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ሄድኩ።

ውጤቱ ትናንት መጣ። አዛዡ ተዛወረ።

ተዛወረ! አልታሰረ፣ አልተባረረ፣ ከማዕረጉ አንዲት ኮከብ አልተነሳችበትም። እንደ ዕቃ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል አዛወሩት። ሽኝትም አደረጉለት፤ ከንቲባው ንግግር አደረገ፣ ሰዓት ተሸለመ። ሰዓት! ወደ የት እንደሄደ ስጠይቅ «አይመለከትሽም» አሉኝ። የት ሄዶ የማንን እጅ እንደሚሰብር አይመለከተኝም ማለት ነው።

አንተ ስለ ማቆሚያ ጽፈህልኝ ነበር። እኔ ያየሁት መኪና መቀየሪያ ነው።

እህትህ


ግንቦት 9

እታለም፣

ዘግይቼ መጻፌን አትቀየሚብኝ። ወደ የት እንደሄደ ልነግርሽ እችላለሁ። እኛ ጋ ነው የመጣው።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ተሰለፍን፣ አዲሱ አዛዥ ተብሎ አስተዋወቁን። የጻፍሽልኝን ጫማ አወቅሁት። ስም ዝርዝሩን እየጠራ እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ቀና ብሎ አየኝ።

«አቤቱታ የምትጽፈው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«ጽሕፈትህ ያምራል» አለና ቀጣዩን ስም ጠራ። ሰላምታ ሰጠሁት። ማዕረግ ነውና ሰጠሁት። ክንዴን ወደ ላይ ሳነሳ ምን ያህል እንደከበደኝ ለአንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ።

ከዚያ በፊት ያደረግሁትንም ልንገርሽ። የመጋቢቱ ደብዳቤሽ በደረሰኝ ሰሞን ለጠራጊው ሁሉንም ነግሬው ነበር፤ ቀኑን፣ የፈጠርኩትን ሰዓት፣ ስለ እናቱ ሲጠይቁ ምን እንዳልኩ። መጥረጊያውን አቁሞ ሰማኝ። «አውቃለሁ» አለኝ። «ከክፍሉ ድምፅህ ይሰማኝ ነበር።» ከዚያ መጥረጉን ቀጠለ። እንደምን አደርክ ማለቱን ከዚያ ቀን ወዲህ ትቷል። ልክ ነው።

ሮብ ዕለት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አዛዡ አንድ ጫማ ጠጋኝ አንገቱን ይዞ አስገባ። ጥፋቱ «ተራዎን ይጠብቁ» ማለቱ ነው። ከፊቱ ሁለት ባለጉዳይ ነበሩ አሉ። አዛዡ ጠረጴዛዬ አጠገብ ሲያልፍ ሳያየኝ «ይህን አሁን አትመዝግበው» አለኝ። ቃል በቃል፣ እታለም። የሁሉም አፍ አንድ ትምህርት ቤት የተማረ ነው የሚመስለው።

ክዳኑን ከፈትኩ። ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ብዬ ጻፍኩ። የጠጋኙን ስም ጠየቅኩት፣ ነገረኝ፣ ጻፍኩ። ያመጣው በሚለው ሥር የአዛዡን ስም ከነማዕረጉ ጻፍኩ። ምክንያት በሚለው ሥር «አልተነገረኝም» ብዬ ጻፍኩ።

ተመልሶ መጣ። «ምን እያደረግህ ነው?»

«እየመዘገብኩ ነው ጌታዬ።»

«አትመዝግብ አልኩህ።»

«ሰምቻለሁ። እሱንም ልጻፈው?»

ክፍሉ ውስጥ ስድስት ሰው ነበርን። ገጹን ሊቀድ እጁን ዘረጋ፤ ገጾቹ ቁጥር አላቸው፣ የጎደለ ገጽ ይታያል። ያን እሱም ያውቃል። እጁ መዝገቡ ላይ ጥቂት ቆየና ተመለሰ። ጠጋኙን በማግስቱ ጠዋት ዳኛ ፊት አቀረብነው፣ እኩለ ቀን ሳይሞላ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እኔን ሮብ ከሰዓት ከጠረጴዛው አንስቶ በር ጥበቃ ላይ አቆመኝ። ፀሐይ አለ፣ ወንበር የለም። ለደረጃ ዕድገት ያስገባሁት ማመልከቻም ተመልሶልኛል። የበላይ መሥሪያ ቤቱ እንዲያውቀው ጽፌያለሁ፣ ምን እንደሚያደርጉ አላውቅም። ምናልባት ያዛውሩታል። አንቺ እንዳልሽው ነው፤ ማቆሚያ አለ ያልኩሽ እንደ ግድግዳ ቆሞ የሚጠብቅ ነገር መስሎኝ ነበር። አይደለም። በየጠዋቱ አንድ ሰው የሚቆምበት ቦታ ነው፣ ያ ሰው ካልቆመ የለም።

በእኔ ቦታ የመዝገብ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጡት ጡረታ ሊወጡ ሰባት ወር የቀራቸው አንዲት አንጋፋ ባልደረባችን ናቸው። ዝም ያሉ፣ ጣጣ የማይወዱ ሴት ናቸው፣ ለዚህም ነው የመረጣቸው። ትናንት አዛዡ ሁለት ልብስ ነጋዴዎች ይዞ በፊቴ አለፈ። እጄን አንስቼ ሰላምታ ሰጠሁት። የእሱ ቢሮ በር ከተዘጋ በኋላ ሴትዮዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ እንደ ዋዛ አየር ሊቀበሉ ወደ በሩ መጡ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነበር የገቡት?» አሉኝ፣ ወደ መንገዱ እያዩ።

«አራት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ» አልኳቸው።

«ሰባት» ብለው ደገሙና ሊጽፉ ተመለሱ።

ወንድምሽ